መድረኩን ስለቅላት

የ2015 ዓ.ም. የትንሣኤ ድራማን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ጀምሮ የአጥቢያችንን የበዓል ድራማ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ታሪኩን የወሰድኩት ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ነው፤ ጌታ የማይሰማውንና አንደበቱ የተያዘውን ሰው ከፈወሰበት ስፍራ። ሐዋሳ ባለችው አጥቢያችን መስማት የተሳናቸው አሥራ አንድ ወጣቶች ስላሉ እነሱን የሚያስታውስ ድራማ በመጻፌ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውዬውን ሆኖ እንዲጫወት የመረጥኩት ግን የሚሰማ የኳየር ልጅ ነው። ለእነሱ አስተርጓሚው ጥግ ላይ ይቆምላቸዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ከመካከላቸው በልብስ ስፌት የምትተዳደር አንዲት እህት እጇን አነሣች። አስተርጓሚው ያለችውን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በየድራማው እኛ በሽተኛ ሆነን እንገባለን፣ ሰምተን እንወጣለን፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። እኔ ግን ድራማው ሲያልቅ እንደገባሁ ነው የምወጣው። ደግሞስ እኛ እያለን እኛን ሆኖ የሚጫወተው ለምን እሱ ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልናገርና ተቆጥቼ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ባለቤቴ ያጽናናኛል ብዬ ስነግረው እራቱን ትቶ ዝም አለ። ከዚያ «ይቺን ልጅ ሦስት ጊዜ ጉባኤ ፊት አቁሜ ጸልዬላታለሁ። ምን እንዲጸለይላት እንደምትፈልግ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም» አለኝ። በትዳር በኖርንባቸው ዓመታት ስለ አገልግሎቱ እንዲህ ሲናገር የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ሌሊት ምዕራፉን አብረን አነበብነው። ጌታ ሰውዬውን ከግርግሩ አወጣው፤ ጆሮውንም ምላሱንም በእጁ ነካለት፤ ዓይኑንም ወደ ላይ አቀና። በዚህ ክፍል በሴቶች ኅብረት ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ! ጌታ ለማይሰማ ሰው በእጁ እንደተናገረ ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

በማግስቱ ስክሪፕቱን ይዤ የስፌት ቤቷ ሄድኩና «አንቺ አዘጋጂው» አልኳት። ያልኳት በወረቀት ጽፌ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ምልክት አልተማርኩም ነበርና።

እንዲህ ያለውን ቴአትር እኛ አልጀመርነውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ቴአትር አንዱ ተዋናይ በእጁ ሲናገር ሌላው በድምፅ እንዲያጅበው አድርጎ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ መድረክ ላይ አቁሟል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተውን ግራያይ የተባለ የአካል ጉዳተኞች ቴአትር በ1997 የተረከበችው ጄኒ ሲሊ መስማት የተሳናት ስትሆን፣ የ2012ቱን የለንደን ፓራሊምፒክ መክፈቻ ትርኢት ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዷ ነበረች። ወደ እኛው አህጉር ስንመጣም መስማት የተሳነው ጥቁር አሜሪካዊ ሚስዮናዊ አንድሩ ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ከጋና ጀምሮ በአፍሪካ ከ30 በላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችን መሥርቷል። እኔ በተማርኩት የሚስዮን ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ አልተነሣም።

ልምምዱ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነብኝ። እኔ ሻማና ደብዘዝ ያለ መብራት ወድጄ ነበር። «ጨለማ ውስጥ ማን ይሰማኛል?» አለችና ሁሉንም አምፖል አስበራች። እህቶች ደክመው ያበጁትን ባለ አበባ መጋረጃ እጅ አያሳይም ብላ አስወረደችው፤ የደረሰብንን ኩርፊያ አትጠይቁኝ። ከበሮው የእንጨቱ መድረክ ላይ ተቀመጠ፤ መስማት የተሳናቸው ተዋንያን የመግቢያቸውን ሰዓት የሚያውቁት በእግራቸው ሥር በሚሰማቸው ንዝረት ነው። የሰውዬው ወዳጆች የሚናገሩትን በሲዳሙ አፎ የምታሰማው ከኳየራችን አንዲት ዓይነ ስውር ዘማሪ ሆነች። ምልክቱን ስለማታይ ቃሉን በሙሉ በቃሏ አጠናች፤ መቼ እንደምትጀምር የሚነግራት ትከሻዋ ላይ ያረፈ እጅ ነበር። ሕዝቡ በአማርኛ ይናገራል። ጌታን ሆኖ የሚጫወተው ወንድም ግን በእጁ ብቻ።

ስለ ኤፍታህ ብዙ ተከራከርን። ማርቆስ ያቺን ቃል ከነባዕድነቷ ስላቆያት እኛም እንዳትተረጎም ተስማማን። የጣት ፊደላችን የተሠራው ከግዕዙ ፊደል ነው፤ ለየፊደሉ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ኤ፣ ፍ፣ ታ፣ ህ፤ አራት ቅርጽ።

የከበደው መጨረሻው ነበር። ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፣ ታሪኩንም አልቆረጥንም። ነገር ግን እሷ በጻፈችው ሰውዬው ከተፈወሰ በኋላ ወደ ወዳጆቹ ይመለስና የሆነለትን በእጁ ይነግራቸዋል፤ እነሱ አሁንም አይሰሙም። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ እነዚህኞቹስ ለምን አልተፈወሱም?» ብለው ጠየቁ። «እኔም ጌታን የምጠይቀው ይህንኑ ነው» አለቻቸው። ከኮሌጅ ያመጣሁት ምንም ነገር ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰጠኝም።

በበዓሉ ዕለት ጌታ ሰውዬውን ለብቻው ሲወስደው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ሁለቱ በእጃቸው ሲነጋገሩ የምንሰማው ሰዎች ምንም አልገባንም። ከኋላዬ አንድ ሰው «ማይኩ ተበላሸ እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ከፊት የተቀመጡት ወጣቶች ግን ይስቁ ነበር፤ ምን እንደተባለ ዛሬም አልነገሩኝም።

ልብስ ሰፊዋ የተጫወተችው ሰውዬውን ካመጡት ወዳጆች አንዷን ነው። ከሁሉ የረዘመ ንግግርም ነበራት፤ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሲሳቅ «ምን ተባለ?» ብላ ስለ መጠየቅ፣ «በኋላ እነግርሻለሁ» ስለ መባል፣ ያ «በኋላ» መጥቶ ስለማያውቅ። ዘማሪዋ ያን በሲዳሙ አፎ ስታሰማ ከገጠር የመጡት የልጅቷ እናት ከወንበራቸው ተነሡ። አማርኛ አይችሉም፣ ምልክትም አያውቁም።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ወደ ዘማሪዋ ቀርበው «ይህን ሁሉ ያለችው ልጄ ናት?» አሉ። ከዚያ አራቱ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የእናትየውን ቃል ዘማሪዋ ወደ አማርኛ፣ አስተርጓሚው ከአማርኛ ወደ ምልክት ይመልሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ «በልጅነትሽ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት አስገብቼሽ ስመለስ ጥዬሽ የሄድኩ መስሎሽ ነበር?» የሚል ነው።

ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። መመለስ ስትጀምር ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝና ወንበሮቹን ልንሰበስብ ወደ ኋላ ሄድን።