ብዕርና ሚዛን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ጁሙዓ ሰግደን ስንወጣ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ መጽሐፍ ጽፎ፣ በራስ ገንዘብ አሳትሞ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቻላል ወይ?» ይሉኛል። አንዳንዶቹ የጻፉትን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ፤ ሌሎቹ ከስልካቸው ላይ ያሳዩኛል። በመንገድ ላይ በሁለት ቃል ከምመልስላቸው በእኔ ላይ የደረሰውን በዚህ ዓምድ ባካፍል ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ካተረፍኩበት ይልቅ ከከሰርኩበት ብዙ ስለተማርኩ የምጀምረው ከኪሳራው ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፌ ስለ ዘካ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በደሴ ከተማ የሒሳብ መምህር ሳለሁ ጻፍኩት። በየረመዳኑ ነጋዴው ስለ ሱቁ ዕቃ፣ እናቶች ለክፉ ቀን ስላስቀመጡት ወርቅ ይጠይቁ ነበር፤ መልሱ ግን በዐረብኛ ኪታቦች እንጂ እነርሱ በሚያነቡት ቋንቋ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከዓሊሞች ዘንድ እየተመላለስኩ ጠየቅኩ፣ የነገሩኝንም በምሳሌና በስሌት እያስረዳሁ ጻፍኩ። ረቂቁንም አንድ ሸኽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦላቸው አረሙልኝ።

ከዚያም ረቂቄን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሲነግረኝ ቀድሞ ያላወቅሁትን ነገር ተረዳሁ። በኦፍሴት ኅትመት ፊልሙና ፕሌቱ አንዴ ከተሠራ 500 ቅጂ ቢታተም 2,000 ቢታተም የእነርሱ ወጪ ያው ነው። ስለዚህ ብዛቱ በጨመረ ቁጥር የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ እየረከሰ ይሄዳል። ይህ ነገር ለብዙ ደራሲ ወጥመድ ነው፤ ረከሰ ብሎ ሊሸጠው ከሚችለው በላይ ያሳትማልና። እኔም ገባሁበት። 2,000 ቅጂ በ10,000 ብር ተስማማሁ። 4,000 ብሩ ከደመወዜ ያጠራቀምኩት ነበር። 3,000 ብር የባለቤቴ ወንድም በቀርድ ሰጠኝ። የቀረው 3,000 ብር ባለቤቴ አራት አምባሮቿን ሸጣ ያመጣችው ነው። «አላህ ካለ እመልስልሻለሁ» ስላት፣ «በመጀመሪያ መጽሐፉ ይውጣ» ብላ ዝም አለች።

በወረቀት ላይ ሒሳቡ ያማረ ነበር። የመጽሐፉ ዋጋ 10 ብር፣ ከዚያ ላይ ሻጩ 30 በመቶ ሲወስድ ለእኔ 7 ብር ይቀራል፤ 2,000 ቅጂ ሲሸጥ 14,000 ብር ይሆናል። የሒሳብ መምህር ብሆንም ሁለት ነገር ሳልደምር ቀረሁ፤ አንደኛው ጊዜ፣ ሁለተኛው የራሴ ድካምና ስህተት ነው።

ካርቶኖቹ በጭነት መኪና ደሴ ደርሰው አልጋችን ሥርና ሳሎናችን ውስጥ ተደረደሩ። በየጁሙዓው ሸዋ በር መስጂድ ደጃፍ ላይ እያነጠፍኩ በእጄ እሸጥ ጀመር። 500 ቅጂ ደግሞ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአዲስ አበባ አንዋር መስጂድ አካባቢ ለሚሸጡ ወንድሞች፣ ሲሸጥ ሊከፍሉኝ አከፋፈልኩ። ያስፈረምኩት ወረቀት አልነበረም፤ በወንድሞቼ ላይ ደረሰኝ መቁረጥ ነውር መስሎኝ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ስዞር አንዱ ሱቁን ለቆ ሄዷል፤ አንዱ «የሰጠኸኝ 30 እንጂ 50 አይደለም» አለኝ፤ አንዱ ወደ አኼራ ሄዶ ልጆቹ ስለ መጽሐፉ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በዚህ ሁኔታ 180 ቅጂ የት እንደገባ ሳላውቅ ቀረሁ። ሌባ የምለው የለኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በቅዱስ ቁርአን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው፣ ብድርን በጽሑፍ ማስፈርን የሚያዘው አንቀጽ መሆኑን አውቃለሁ። ትንሽም ትልቅም ቢሆን መጻፍ እንዳይሰለቸን የተነገረንም እዚያው ላይ ነው። እያወቅሁት አልሠራሁበትም።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። እስከዚያ ጊዜ በእጄ ከሸጥኩትና ከሱቆች ከሰበሰብኩት 6,130 ብር አግኝቼ ነበር። 3,000 ብሩን ለባለቤቴ ወንድም መለስኩ፤ የቀረው በቤት ወጪ አለቀ። በእጄ የገባው ሁሉ ትርፍ መስሎኝ የበላሁት ዋናውን ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ነገር የመጣው ግን በሰባተኛው ወር ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጽሐፌን በነጠላቸው ጠቅልለው ቤቴ ድረስ መጡ። «መምህር፣ ይህን ልጄ አነበበልኝ። ያስቀመጥኩት ወርቅ 60 ግራም ነው። መጽሐፍህ ዘካ አለብሽ ይላል፤ ሸኹ ደግሞ ገና አልደረሰብሽም ይላሉ። ማንን ልመን?» አሉኝ። ገጽ 31ን ገለጥኩ። የወርቅ ኒሷብ 85 ግራም መሆን ሲገባው «58 ግራም» ተብሎ ታትሟል። ደብተሬን አውጥቼ አየሁ፤ እዚያ 85 ነው። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ በሰጠኝ የመጨረሻ እርማት ላይ 58 ሆኖ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ተቀምጧል። ሌሊቱን ሙሉ ፊደል ስለቅም ቁጥሩን ዘልዬው ኖሯል።

«እናቴ፣ ሸኹ እውነታቸውን ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «አላህ ይማርህ ልጄ። እኔስ መጥቼ ጠየቅሁህ፤ ሳይጠይቁ የቀሩትስ?» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሸይጧንም ለሰው ልጅ ምክንያት አያጣምና፣ «ያለዕዳው ያወጣ ሰው ሰደቃ ይሆንለታል፤ ምን ጎዳኸው? በሚቀጥለው እትም ታርመዋለህ» ይለኝ ነበር። ነገር ግን ወድዶ ሰደቃ የሚሰጥና ያልተደነገገበት ግዴታ ተነግሮት የሚሰጥ እንዴት እኩል ይሆናል? ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ የታወቀ ነው። ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ልብስ ለገዢው ሳይነግር ስለሸጠ፣ ገዢውም ማን እንደሆነ ስላልታወቀ፣ የተሸጠበትን ገንዘብ ሁሉ ሰደቃ እንዳደረጉት ይተረካል። የጨርቅ እንከን እንዲህ ካስጨነቀ፣ በዲን ጉዳይ የታተመ እንከንማ እንዴት ይሆን እያልኩ አነጋሁ።

ፈጅር ሰግደን ለባለቤቴ ነገርኳት። የፈራሁት እርሷን ነበር፤ የተሸጠው የእርሷ ወርቅ ነውና። እርሷ ግን፣ «አምባሬን የሸጥኩት ሰው እንዲማርበት ነው፤ እንዲሳሳትበትማ አይደለም» ብላ መቀስና ሙጫ ፍለጋ ተነሣች። «በገጽ 31 ላይ 58 ግራም የሚለው 85 ግራም ተብሎ ይታረም» የሚል አንድ አንድ መስመር አስጽፈን አባዛን። እርሷ ትቆርጣለች፣ ልጆቹ ሙጫ ይቀባሉ፣ እኔ እለጥፋለሁ፤ ቤት የቀረውን 950 ቅጂ በአምስት ሌሊት ጨረስን። በየሱቁ የነበረውን 230 ቅጂ እየዞርኩ በእጄ ለጠፍኩበት። ለተሸጠው 640 ቅጂ ደግሞ በየመስጂዱ ደጃፍ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ኢማሞችም ከጁሙዓ በኋላ ተናገሩልኝ። ያመጣ ይታረምለታል፣ ገንዘቡን የፈለገም ይመለስለታል አልን። ብዙ ሰው መጽሐፉን አመጣ፤ ገንዘቡን የጠየቁት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ገበያው ወዲያው ደራ ብላችሁ ዋሸሁ። የቀረው ተሸጦ እስኪያልቅ አራት ዓመት ፈጀ። ነገር ግን ሁለተኛው መጽሐፌ በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ የኮምቦልቻ መጽሐፍ ሻጭ 100 ቅጂ በጥሬ ገንዘብ ገዛኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው እኔን አያታልለኝም» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ደራሲ ከኋላው ስም ያለው አሳታሚ የለውም፤ የሚቆመው አንባቢው በእርሱ ላይ ባለው አመኔታ ብቻ ነው። ብዕር የያዘ እጅ ሚዛንም መያዝ አለበት።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ይህ ነው። አንድ መጽሐፍም ብትሆን ያለ ርክክብ ወረቀት ከቤቴ አትወጣም። የኅትመት ወጪው እስኪመለስ ድረስ ከሽያጩ አንድ ብር ወደ ቤት አይገባም፤ ከተመለሰ በኋላ ካለው ትርፍ ግማሹ ለሚቀጥለው ኅትመት ይቀመጣል፣ ግማሹ ለቤተሰብ ነው። የመጨረሻውን እርማት ሁለት ሰው ያነባል፤ አንዱ ፊደሉን፣ ሌላው ቁጥሩንና የአንቀጹን ማጣቀሻ ብቻ። በየረመዳኑም ካርቶኖቼን እቆጥራለሁ። ለሽያጭ የተቀመጠ መጽሐፍ የንግድ ዕቃ ነውና፣ ከጥሬ ገንዘቤ ጋር ተደምሮ ኒሷብ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከሞላው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተተምኖ 2.5 በመቶ ይወጣበታል። ዕዳ ያለበት ሰው ግን ዝርዝሩን ዓሊም ይጠይቅ።

«የዲን ዕውቀት ይሸጣል እንዴ?» የሚሉኝም አሉ። ዕውቀቱማ የአላህ ነው፤ ወረቀቱ፣ ቀለሙና የደራሲው ልፋት ግን ወጪ አለው። በታኅሣሥ 1981 ዓ.ም. (1409 ሒጅራ) በኩዌት የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ የደራሲ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ መጽሐፍ ለወራሾች የሚተላለፍ ንብረት ነው፤ በኑዛዜና በዕዳ መዝገብ ውስጥም ሊሰፍር ይገባል። አሁን አሁን መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም የሚበትኑት አሉ። መግዛት ያልቻለ ቢጠይቀኝ በነጻ እሰጣለሁ፤ ለመድረሳዎችም ከየኅትመቱ አስቀድሜ አወጣለሁ። ሳይጠይቁ መውሰድ ግን የሚቀጥለውን መጽሐፍ ከአንባቢው ይወስዳል።

እንግዲህ ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ ልመለስ። ይቻላል ወይ? ከ20 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ሰባት መጽሐፍ አሳትሜአለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ቤቴን ያኖረው የመምህርነት ደመወዜ እንጂ መጽሐፌ አልነበረም። የባለቤቴን አምባሮች ልመልስ ስሄድ ወርቅ ተወድዶ ስለነበር በሦስተኛው መጽሐፍ ሁለቱን፣ በአምስተኛው የቀሩትን ሁለቱን ገዛሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የቤቴን ወጪ ከፊሉን ከመጻሕፍቱ አገኛለሁ፤ አልሐምዱ ሊላህ። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የዘወተረው መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ በዚህ ሙያም ያየሁት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሥራህን ለቅቀህ፣ ቤትሽን አስይዘሽ አትጀምሩ። ዛሬ በዲጂታል ማተሚያ 200 ወይም 300 ቅጂ ማሳተም ይቻላል። የአንዱ ዋጋ ከኦፍሴት ቢወደድም አልጋ ሥር ከሚያረጅ ካርቶን ይረክሳል። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያገኘሁት የዋጋ ማቅረቢያ የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ በእጃችሁ ሳይሟላ አትዋዋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ያሳተማችሁትን ስህተት ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ከመጀመሪያው ኅትመት የቀረች አንዲት ቅጂ መደርደሪያዬ ላይ አለች። በገጽ 31 ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ቢጫ ሆናለች፤ ሙጫው ከልጄ ትንሽ ጣት አሻራ ጋር ደርቋል። አዲስ ረቂቅ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት ያቺን ገጽ እገልጣለሁ። እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው፤ «ሳይጠይቁ የቀሩትስ?» ያሉት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የሰው ልጅ ሲሞት ከማይቋረጡለት ሥራዎች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ነው። አላህ የምንጽፈውን ከዚያ ያድርግልን፤ ከስህተታችንም ይቅር ይበለን፤ ሪዝቃችንንም ሐላል አድርጎ በረካ ያኑርበት። አሚን።

ወላሁ አዕለም።