የጣና ጭቃ

ጣና ዳር ያደገ ሰው ሐይቁን የሚያውቀው ከላይ ነው፤ በማዕበሉ፣ በታንኳው፣ በገዳማቱ። ከሥሩ ጋር ያስተዋወቁኝ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ናቸው፤ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ደስ ይለኛል። በጀልባ ይዘውን ወጡና ረጅም ቱቦ ወደ ሐይቁ ወለል ሰደዱ። ቱቦው ጭቃ ጠቅጥቆ ሲመጣ ጀልባ ነጂው አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይኼ ምን ያደርግላችኋል?» አሉኝ። «የድሮውን ዝናብ ይነግረናል፣ አባቴ» ስላቸው ከጫፉ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። «ይናገር እንግዲያ!» አሉ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ቱቦው ለሁለት ሲሰነጠቅ የወጣው የረግረግ ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ጭቃው እንደ ለጋ ቅቤ ይለሰልስ ነበር። መምህሬ በስስ ቢላ እየቆረጡ፣ ከየቁራጩ ጥቂት አንስተው በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ዲያቶም የሚባሉትን ደቂቅ አልጌዎች ያየሁት ያኔ ነው። ዛጎላቸው ከሲሊካ የተሠራ በመሆኑ ነጠብጣቡና ጭረቱ ሳይዛነፍ ሺህ ዘመን ይቀመጣል። አንዳንዱ ዝርያ ንጹሕ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው የሚበረክተው ሐይቁ ጎድሎ ጨው ሲበዛበት ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ደግሞ በዳርቻው ደን ይሁን ሣር እንደነበረ ይጠቁማል፤ የጭቃው ዕድሜ በራዲዮካርቦን ይለካል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት የጣና ጥናት ነው። ከሐይቁ መሀል ባወጡት 10 ሜትር ገደማ ደለል፣ ከለስላሳው ጭቃ ሥር ደንገል የበሰበሰበት አፈር፣ ከዚያም በታች ደርቆ የጠጠረ ደለል አገኙ። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር! ቀጥሎ ደንገል በቀለበት፤ ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጣና በደረቀበት ዘመን የቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር።

«ዝናቡን ምን ወሰደው?» ብዬ መምህሬን ጠየቅኳቸው። በዚያ ዘመን ከሰሜን አሜሪካ የበረዶ ግግር ተገምሶ ሰሜን አትላንቲክ እንደገባ፣ ባሕሩ ሲቀዘቅዝም የአፍሪካ ዝናብ እንደተዳከመ አስረዱኝ። የእኛ ክረምት ከዚያ ሩቅ ባሕር ጋር ይገናኛል! ላቦራቶሪው እስኪዘጋ ድረስ በጥያቄ ያዝኳቸው።