የኑዛዜ አስተርጓሚ

ኑዛዜ በካህኑና በተናዛዡ መካከል የሚፈጸም ምሥጢር ነው። ሁለቱ በቋንቋ ካልተግባቡ ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ተናዛዡ ከወደደ፣ ሦስተኛ ሰው በአስተርጓሚነት እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የሰማውንም ለማንም እንዳይገልጥ ያስረዋል። እኔ ያ ሦስተኛ ሰው የሆንሁት እዚህ ናይሮቢ፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ያን ቀን የሰማሁትን አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ሙያዬ የሒሳብ ሥራ፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው። ያደግሁት በጉራጌ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት በሆነው በእምድብር፣ ቅዳሴ በግዕዝ ሥርዓት በሚቀደስበት የካቶሊክ ቁምስና ነው። ልጅ ሳለሁ ካህን እሆናለሁ እል ነበር፤ በቅዳሴ ጊዜ ቃጭል ያቃጨለ ልጅ ሁሉ ይህን ይላል። ኋላ ትምህርቱ፣ ሥራውና ስደቱ ሲከታተሉ ነገሩ ከልቤ የወጣ መስሎኝ ነበር።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሻገር በሞያሌ በኩል ገብተው በመንገድ የሚያዙትን ወገኖቻችንን በዚህ ከተማ የምንኖር ሁሉ እናውቃቸዋለን፤ ብዙዎቹ ከሐድያና ከከምባታ የመጡ ወጣቶች ናቸው። እስረኞችን የሚጎበኝ አንድ ካህን አማርኛ የሚያስተረጉምለት ሰው ቢፈልግ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብሬው መሄድ ጀመርሁ። ብዙውን ጊዜ የማስተረጉመው ስለ ሳሙና፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ ወደ አገር ቤት ስለሚደወል ስልክ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን፣ ከእስር ቤት ወደ ሆስፒታል የተወሰደ አንድ የከምባታ ልጅ መናዘዝ እንደሚፈልግ ነገረን።

እርሱ በአማርኛ ተናገረ፤ እኔ በእንግሊዝኛ አቀበልሁ። ካህኑ እጁን ዘርግቶ የኃጢአት ሥርየት ጸሎቱን ሲጀምር፣ ላስተረጉም አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የሚደረገውን ያውቃል። ኃጢአቱን ከእርሱ ተቀብዬ እስከ ካህኑ ድረስ ተሸክሜያለሁ፤ ሥርየቱን ግን ልሰጠው አልችልም። ሁለቱን እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።

ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ።

ይህን ሁሉ በሱባዔ ጊዜ ላገኘሁት አንድ አረጋዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነገርሁት። (ኢየሱሳውያን ሲባል የዐፄ ሱስንዮስን ዘመንና ያን ጊዜ የፈሰሰውን ደም የሚያስብ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ በሩን ሳንኳኳ አስቤዋለሁ።) እንባ አብሶ የሚሸኘኝ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን፣ «ለታመመ ማዘን ክህነት አያስፈልገውም። አግብተህ፣ ልጆች ወልደህ፣ እሑድ እሑድ ማስተርጎም ትችላለህ። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያም የማኅበራቸው መሥራች የሎዮላው ኢግናጥዮስ የደረሰበትን አስታወሰኝ። ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩን በመድፍ ተመትቶ ሲተኛ፣ ስለ ጀግንነትና ስለ አንዲት ወይዘሮ ሲያልም ውሎ ደስ ይለው ነበር፤ ስለ ቅዱሳን ሕይወት አንብቦ እነርሱን ሊመስል ሲያስብም ደስ ይለው ነበር። ልዩነቱን ያየው ኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ደስታ ሲያልፍ ልቡን አድርቆት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ካለፈም በኋላ ሰላሙ ይቀራል። አረጋዊውም አርባ ሌሊት፣ በቀኑ ያሰብሁት አሳብ ምን ዓይነት ጣዕም ትቶልኝ እንደ ሄደ እንድጽፍ አዘዘኝ።

ደብተሩ አሳፈረኝ። ለካ ራሴን በካህንነት ሳስበው የማየው በነጭ ልብስ፣ መስቀል ይዤ፣ ሽማግሌዎች ሲሳለሙኝ ነው! እነዚህ ሌሊቶች ጣፋጭ ነበሩ፤ ንጋታቸው ግን ባዶ ነበር። ሌሎቹ ሌሊቶች ሥዕል አልነበራቸውም፤ ያ አልጋ፣ ያ የጨፈነ ዓይን፣ እነዚህ ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። ደስ አይሉም ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት ስነሣ አልደርቅም። በዘጠኝ ገጾች ላይ ደግሞ «ዕድሜዬ አልፏል» የሚል አገኘሁ። የዝግጅቱ ዘመን፣ ፍልስፍናው፣ ነገረ መለኮቱ ተደምሮ አርባን ስለማልፍ ነው። አረጋዊው የእኛኑ ሰው፣ አባ ገብረ ሚካኤልን ጠራብኝ፤ የጎጃሙ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1851 በአባ ያዕቆብ ዴ ያቆቢስ እጅ ክህነት ሲቀበሉ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግተው ነበር። ምክንያቴን በአገሬ ሰው ወሰደብኝ።

በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ጻፈልኝ፤ ክህነትን የመቀበል መብት ያለው ማንም የለም የሚል። ለካ እስከዚያ ድረስ የማስበው እኔ ከወሰንሁ ነገሩ ያለቀ አድርጌ ነው። ሳሙኤል እንኳ ተጠርቶ ወደ ዔሊ ነው የሮጠው፤ የሰማውን የለየለት ሌላ ሰው ነው። እኔ ብመረምር ብመረምር፣ የመጨረሻውን ጥሪ የሚጠራው ጳጳሱ ነው፤ አይሆንም ሊለኝም ይችላል።

ከደብተሩ ውጭ የቀረች አንዲት ሴት አለች። ሁለት ዓመት አብረን ቆይተናል። በነገርኋት ቀን አላለቀሰችም፤ «እግዚአብሔርን ፈልገህ ነው እኔን የምትተወኝ፣ ወይስ እኔን ለመተው ነው እግዚአብሔርን የፈለግኸው?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ከአረጋዊው ጥያቄ ሁሉ ይበልጥብኛል። ያን ማታ የመለስሁላት መልስ ጥሩ አልነበረም፤ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ መልስ ይዤ ሄድሁ፤ እርሷ ግን መስማት አልፈለገችም። ልክ ነበረች።

ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ካልገባ የት ይገባል? የእናቴ ወንድም የኦርቶዶክስ ቄስ ናቸው፤ ሚስትና ስድስት ልጆች አሏቸው። ክትፎው ቀርቦ ሳለ ነገሩን ሰሙና፣ «ቄስ ካልህ ሚስት አግባ፤ መነኩሴ ካልህ ገዳም ግባ» አሉኝ። የእኛም የምሥራቅ ሥርዓት ሕግ፣ ቀድሞ አግብቶ የተሾመን ካህን እንደሚያከብር፣ እኔን ያሳደጉኝ ካህናት ግን ሁሉም ያላገቡ እንደ ነበሩ ላስረዳቸው ሞከርሁ። «ያከብራል ካልህ ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል?» ብለው ሳቁ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ወንድ ልጅ የላት እኔን ብቻ ነው። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጓሮ፣ ከእንሰቱ መካከል ጠራችኝ። እንሰቱን እየዳሰሰች፣ ይህኛው በሚመጣው ዓመት ይደርሳል፣ ያኛው ሦስት ዓመት ይፈልጋል እያለች እስከ አጥሩ ድረስ ሄድን። ስንመለስ፣ «የነገርኸኝን ሰምቻለሁ። እሺ ግን አላልሁም» አለችኝ።

ለጳጳሱ የጻፍሁትን ደብዳቤ በጥቅምት ላክሁት። ግልባጩን ለእናቴ በስልክ አነበብሁላት፤ ዝም ብላ አዳመጠችና ስለ እንሰቱ አወራችኝ። በዚያው እሑድ ከካህኑ ጋር ሳሙና ገዝተን እስር ቤት ሄድን። አዲስ የገቡ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ።