ጾም ብዬ የተረጎምኩት ቃል

ነገ ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ዛሬ ቅበላ ላይ ቁጭ ብዬ አጂ ትዝ አሉኝ።

ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ማስተርሴን ስማር ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው። «አጂ» በማራቲኛ አያት ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይላቸዋል፣ እኔም አልኳቸው።

አንድ ቀን ምስር ወጥ በሩዝ ይዤላቸው ሄድኩ። «ዛሬ ኤካዳሺ ነው፣ ቭራት አለብኝ» ብለው መለሱልኝ። ጨረቃ መሙላት ከጀመረች፣ እንደገናም መጉደል ከጀመረች በ11ኛው ቀን የሚውል ነው። «አሃ፣ ጾም!» አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ግን ወተታቸውን ፉት ይላሉ! አርብ ደግሞ ሻይ በወተት ሲሰጡኝ «ጾም ነኝ» ብዬ ምስሬን በላሁ። ተራው የእሳቸው ሆነና ሳቁብኝ። ለካ በኤካዳሺ የሚከለከለው እህልና ጥራጥሬ ነው፤ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ ድንች፣ ኦቾሎኒ ይፈቀዳል። ጠበቅ የሚያደርጉት ደግሞ ውሃም አይቀምሱም።

ያኔ ነው ቃሉን ማጠያየቅ የጀመርኩት። «ቭራታ» የሳንስክሪት ቃል ነው። በጥንቱ ሪግ ቬዳ የአማልክት ሥርዓት፣ የማይናወጥ ፈቃድ ማለት ነበር። ኋላ ሰው ወዶ በራሱ ላይ የሚያውጀው ሕግ ሆነ። ጾም አንዱ መልኩ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ዝምታም ቭራታ ይሆናል። ጋንዲ በ1930 እ.ኤ.አ. እዚያው ፑኔ፣ የራቫዳ እስር ቤት ሆነው ለአሽራማቸው ሰዎች በየሳምንቱ የጻፉት ስለ ቭራታዎች ነበር፤ እውነት፣ አለመስረቅና አለመፍራት ከነሱ ውስጥ ናቸው።

ታዲያ ስለት ልበለው? ለባል ጤና፣ ለልጅ ተብሎ የሚያዝ ቭራታ ስላለ ይቀራረባሉ። ግን የእኛ ስለት ብዙ ጊዜ «ይህን ካደረግህልኝ» ነው፤ የሚከፈለው ከደረሰ በኋላ ነው። ቭራታ ላይ ሰውየው ነው ቀድሞ የሚጀምረው። ሲጀምርም «ሳንካልፓ» አለ፦ ምን እንደሚጠብቅ፣ እስከ መቼና ለምን እንደሆነ በቃሉ ይናገራል። ሙስሊም ጓደኞቼ «ኒያ» የሚሉትን አስታወሰኝ።

ሁዳዴ ሲመጣ «55 ቀን ልጾም ነው» አልኳቸው። በአድናቆት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሳንካልፕሽስ ምንድን ነው ልጄ?»

መልስ አጣሁ። «ሁሉም ይጾማል፣ እኔም እጾማለሁ» አልኩ።

«ጥሩ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አልነቀፉኝም፤ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአባታችን ቤት ውርስ የተነሳ ከእህቴ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድ ጾም አልገደፍኩም። ጾም የሆድ ብቻ አይደለም እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ያለ አጂ ጥያቄ ግን አልገባኝም።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን አውጥቼ «እስከ ፋሲካ እህቴን በክፉ አላነሳም» አልኩ። ሥጋ መተው ምንም አይደለም! በሦስተኛው ቀን ከእማዬ ጋር ስልክ ላይ ገደፍኩት። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ገደፍኩ፣ አሁንም ጀመርኩ።

በፋሲካ ማለዳ ደወልኩላት። አነሳችው። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እሷ፦ «በልተሻል ወይስ እዚያ ዶሮ የለም?»

የቤቱ ነገር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ዛሬ ቅበላውን ያዘጋጀችው ግን እሷ ናት፤ ይህን ስጽፍ ከማጀት «ነይ ብዪ እንጂ!» እያለች ነው።

ተማሪዎቼ፣ የዘንድሮ ሳንካልፓችሁን ለእኔ አትንገሩኝ። ለራሳችሁ ግን አንዴ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። መልካም ጾም!