እንዝርትና ደመና

የእንጦጦ ራስ በጥቁር ደመና ሲጠመጠም አሮጊቷ ፈታይ እንዝርታቸውን ወደ እንቅባቸው ይመልሳሉ። የአውራ ጣታቸው ሥር ይጠዘጥዛቸዋል፤ የሌሎቹም ጣቶች አንጓ አብጦ ጠጥሯል። «ዝናቡ ከምድር አስቀድሞ እጄን ያገኘዋል» ይላሉ። ሐኪሙ ግን ጥፋቱን ከሰማይ አንሥቶ፣ የአጥንትን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት በመሳሳቱ ላይ ጥሎ፣ በፈገግታ ሸኝቷቸዋል።

ፈገግታው ሳይቸኩል አልቀረም። በብሪታንያ አብዛኞቹ የአንጓ ሕመም ያለባቸውን 2,658 ሰዎች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት፣ እርጥበት በበዛበት፣ የአየር ግፊት በወረደበትና ነፋስ ባየለበት ቀን ሕመሙ በመጠኑ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። በመጠኑ ነው እንጂ አሮጊቷ እንደሚሉት ሁሉ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ እጃቸው የጠዘጠዛቸውን ቀንስ ማን ቆጠረው? ሆኖም ያቺ ጥቂት ነገር እንዝርቱን ለማስቆም በቅታለች። ለልጅ ልጃቸው የሠርግ ቀሚስ የሚሆነው ማግ ሁለት ልቃቂት ይቀረዋል፤ ወሩም ገና ሐምሌ ነው።