ክፍል ሁለትን ፍለጋ

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ከዕቃው ሁሉ እማዬ «ይሄን እንኳን እዚሁ ጥላችሁት ሂዱ» ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባዬን የሲዲ ካርቶን። ዘይት የመጣበት ካርቶን ነው፤ ውስጡ 189 ዲስክ አለ። (ቆጥረናል፦ 131 ቪሲዲ፣ 58 ዲቪዲ።) እኛም እንደ ጥሩ ልጆች «እሺ» አልንና ፍራሽ ውስጥ ሸጉጠን ጫንነው።

አሁን የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ነው። እኛ ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ታናሽ እህት። ከእማዬ ጋር አራት። ካርቶኑ አምስተኛ ቤተሰብ ሆኖ በረንዳ ላይ ስምንት ወር ተቀመጠ። እማዬ ግን በረንዳውን ለልብስ ማስጫ ፈለገችው። «ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ» ያለች ዕለት ነው እንግዲህ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ልንገለብጥ የወሰንነው።

ስለ አባዬ ትንሽ እንበል። ፊልም መሐል እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነበር፤ መሰብሰብ ላይ ግን ማንም አይደርስበትም። እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ቁጥር ይጽፍና በሲናርላይን ደብተር ይመዘግባል። ቁጥር፣ የፊልሙ ስም፣ የተገዛበት ቀን፤ ከጎን ደግሞ «ውሰት» የሚል ዓምድ። ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ። የሠፈሩ ሰው በሙሉ እዚያ ደብተር ላይ አለ። አንዳንዱ ስም አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «አልተመለሰም» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀን የተጻፈ «አሁንም አልተመለሰም»። አባዬ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው።

ሥራውን በዲቪዲዎቹ ጀመርን። የዘንድሮ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ገዛን። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ግን 4.37 ብሎ ያሳያችኋል። አትደንግጡ፣ ማንም አልሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ፊልሙ ቪኦቢ በሚባሉ ፋይሎች ተቆራርጦ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንድ ጊጋ አይበልጥም።

አክስታችን ከዋሽንግተን የላከቻቸው ሰባቱ ኦሪጅናሎች ግን እምቢ አሉ። ኮፒ ስናደርጋቸው የሚወጣው የተበጣጠሰ ቀለም ብቻ ነው። ለካ ሲኤስኤስ በሚባል ቁልፍ ተቆልፈው ነው የሚሸጡት። ይህን ቁልፍ የሚፈታውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 ካወጡት አንዱ ጆን ዮሃንሰን የሚባል የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ነበር፤ ተከሶ በ2003 በአገሩ ፍርድ ቤት ነፃ ወጣ። እነዚህ ሰባት ፊልሞች አባዬ ዴክ ላይም ሠርተው አያውቁም። አሜሪካ የሚሸጠው ዲቪዲ ክልል 1 ነው፣ ለእኛ የተመደበው ደግሞ ክልል 5። አባዬ ግን ለአክስታችን በስልክ «አየናቸው፣ በጣም ቆንጆ ናቸው» ብሏት ነበር።

ታናሿ እዚህ ላይ «ቆይ፣ ይሄ ሌብነት አይደለም?» አለች። ሕግ ነው የምትማረው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አወጣችና አነበበችልን፤ አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ የታተመን ሥራ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል። ደስ አለን! ደስታችንን ሳንጨርስ «እሺ፣ ከ189ኙ ስንቱ ነው መጀመሪያውኑ በሕጋዊ መንገድ የተገዛው?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ የሆነ፣ አንድ ዲስክ ላይ አምስት የጃኪ ቻን ፊልም የታጨቀበት ዲቪዲ እጃችን ላይ ነበር። ለነገሩ አማርኛዎቹን አባዬ ኦሪጅናል ነበር የሚገዛቸው። «የእኛ ሰዎች ይብሉበት» ይላል። ለጃኪ ቻን ግን አዝኖ አያውቅም።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ስለ ማሳነስ ነበር። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አራት ጊጋውን ዲቪዲ አንድ ጊጋ ተኩል ማድረግ ይቻላል፤ ዓይን እምብዛም አይለየውም። ታላቃችን ግን አንዴ የተጣለ ዝርዝር ተመልሶ አይመጣም ብሎ ሙጭጭ አለ። ባለ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ሲገዛ ክርክሩ በራሱ ጊዜ ሞተ፤ ሁሉም ተደምሮ 300 ጊጋ ገደማ ቢሆን ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ፣ መብራት ባልጠፋ ጊዜ፣ የሆሊውድ ፊልም ስንገለብጥ ከረምን። ከተሳሳተው ጫፍ እንደጀመርን የገባን ወደ ቪሲዲዎቹ ስንደርስ ነው። አምስቱን የጃኪ ቻን ፊልሞች ዛሬም ማንም ከኢንተርኔት ማውረድ ይችላል። አማርኛዎቹን ስንፈልግ ግን ግማሾቹ የሉም። ስማቸው እንኳ የለም። እና ደግሞ እነዚያ ፊልሞች ውስጥ ዋናው ተዋናይ ሲያለቅስ እኛ የምናየው እሱን አልነበረም፤ ከኋላው ያለውን ሱቅ፣ የታክሲ መጠበቂያውን፣ ፒያሳን፣ ካዛንቺስን ነው። «አቁመው! አቁመው! ይሄ እኮ የነ እንትና ዳቦ ቤት ነው!»

ቁጥር 64 ላይ ደረስን።

ቁጥር 64 ዝነኛ ፊልም አይደለም፤ ስሙን ብንነግራችሁም አታስታውሱትም። በ1998 ዓ.ም. እኛ ቅያስ ውስጥ የተቀረጸ ትዕይንት አለው። ያን ጊዜ ፊልም ሲኒማ ቤት ታይቶ ሲያበቃ በቪሲዲ ይወጣ ነበር። አንድ ቪሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙ ሁለት ዲስክ ይሆናል። ልክ ልጅቷ እውነቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀጥ! «ክፍል ሁለት አምጡ!» ይባላል፤ አንዱ ሽንት ቤት ይሮጣል፣ አንዱ ዴኩን ይከፍታል፣ እማዬ ቡናውን ትቀዳለች። ቁጥር 64 ክፍል ሁለት፣ 41ኛው ደቂቃ ላይ የተከዳው ፍቅረኛ እያለቀሰ በሰማያዊው የቆርቆሮ በራችን በኩል ያልፋል። በሩ ይከፈታል። አባዬ ጋዜጣ ይዞ ብቅ ይላል፣ ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል፣ መልሶ ይገባል። አሥራ አንድ ሰከንድ።

ልጆች ሳለን ይህችን አሥራ አንድ ሰከንድ ስንት መቶ ጊዜ እንዳየናት እግዜር ይወቀው። ክፍል አንድን የሚነካው አልነበረም፤ ዛሬም እንደ አዲስ ያበራል። ክፍል ሁለት ግን በዴክና በእጃችን መካከል ሲመላለስ ድመት የቧጨረው መስሏል። ያበላሸነው ራሳችን ነን።

ቪሲዲ ደግሞ ይቅር ባይ አይደለም። ብዙ ደቂቃ እንዲይዝ ተብሎ፣ ዳታ ሲዲ ላይ ያለው ተጨማሪ የስህተት ማረሚያ ቪሲዲ ላይ ቦታው ለምስል ተሰጥቷል። ስለዚህ ኮፒው 58 በመቶ ላይ ቆመና የስህተት መልእክት መጣ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብነው፤ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው እንጂ ዙሪያውን አይታሽም። 61 በመቶ። ዞር ብለን የአባዬን አሮጌ ዴስክቶፕ ከአልጋ ሥር አወጣን። ድራይቭ ከድራይቭ ይለያያል፤ አዲሱ የካደውን አሮጌው አንዳንዴ ያነባል። አይሶባስተር የሚባል ፕሮግራም ጫንን፤ ማንበብ ያቃተውን ቦታ በባዶ እየሞላ ስለሚያልፍ መሐል ላይ አይቆምም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረ። ድራይቩ ያቃስታል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያቃስታል። እኛም አብረነው። አንዴ መብራት ሄደና ከዜሮ ጀመርን።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። 41ኛው ደቂቃ ላይ ምስሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ተበታተነ፤ የፍቅረኛው ፊት የለም፣ ልቅሶው ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሰማያዊው በር ተገጣጠመ። ተከፈተ። አባዬ ወጣ። ከአገጩ በታች አረንጓዴ ካሬ ነው፤ ዓይኑ ግን አለ፤ ያየናል። ከአሥራ አንዱ ስድስት ሰከንድ ተርፏል።

ጩኸታችን እማዬን ቀሰቀሳት። ነጠላዋን ደርባ መጥታ ከኋላችን ቆመች። አጫወትንላት። ታለቅሳለች ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ ከበሩ በላይ በአጥሩ የሚታየውን ነጭ ነገር እያሳየች፣

«ያ የእኔ አንሶላ ነው» አለች። «የዚያን ቀን ሊዘንብ ነበር። አባታችሁን አንሶላውን አስገባ ብለው በር ላይ ቆሞ ፊልም ያያል።»

እኛ ሃያ ዓመት ስናየው አንሶላውን አይተነው አናውቅም። «አንዴ ድገሙት እስቲ» አለች። አራት ጊዜ ደገምንላት።

ካርቶኑ አሁን በረንዳ ላይ የለም፤ አልጋ ሥር ነው፤ ስለ መጣልም የተነሳ የለም። አራት ዲስኮች ፈጽሞ አልተነበቡም። ሃርድ ዲስክም ስለሚሞት ሁለተኛ ቅጂ አጎታችን ቤት ልናስቀምጥ ስንል ታናሿ «አዋጁ አንድ ቅጂ ነው የሚለው» ብላን ክርክሩ እንደገና ተነስቷል።

በደብተሩ ላይ 17 «አልተመለሰም» አለ። በመስከረም 2000 ዓ.ም. ቁጥር 83ን የወሰድከው የታችኛው ግቢ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ አባዬ ሁለት ጊዜ በቀይ አስምሮብሃል። ዲስኩ ቢሰበር እንኳ ሽፋኑን አምጣ። ሠፈሩ ባይኖርም ስልካችን ያው ነው።