ሆድ ያባውን

ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ረዳቱን ጠሩት። «ልጄ፣ አሰበ ላይ ታወርደኛለህ።» ልጁ ከሚቆጥረው ብር ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ጭሮ ነው አባባ! ደግሞ ማን ምን አሰበ?» አላቸው። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። «እሱስ ጭሮ ነው፤ አፌ ነው እንጂ» አሉ።

አፌ ነው! ይህችን ቃል እያላመጥኩ ነው ቀሪውን ዳገት የወጣሁት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባል የለ?

ሲግመንድ ፍሮይድንም አፉ የከዳው መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ከማያውቀው ተሳፋሪ ጋር ሲጫወት ሲኞሬሊ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ስም ጠፋው፤ በምትኩ ቦቲቼሊ እየመጣ አስቸገረው። ሌላው ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። የ42 ዓመቱ ሐኪም ግን ቆፈረው፤ ከሥሩም በዚያ ወሬ መሐል ሊያነሳው ያልፈለገውን፣ ራሱን ያጠፋ አንድ ታካሚውን መርዶ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመው የዕለት ተዕለት ስሕተቶች መጽሐፉ የሚጀምረው በዚሁ ታሪክ ነው። ረሳሁት ያልነውን አንዳንዴ ገፍተን የደበቅነው እኛው ነን ባይ ነው።

አማርኛ ይህን ጓዳ የሠራው ሆድ ውስጥ ነው። የማይነገረውን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንከተዋለን። ሆድ ግን አይፈጀውም፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። በሐረርጌ ምድር ደግሞ የብቅሉን ሥራ ጫቱ ተረክቦታል። ፍሮይድ ታካሚውን ሶፋ ላይ አጋድሞ፣ ከራስጌው ተቀምጦ፣ «የመጣልህን ሳትመርጥ ተናገር» ይል ነበር። እዚህ ፍራሹ ላይ ጋደም ያለውን ሰው ተናገር የሚለው አያስፈልግም፤ ምርቃናው ይበቃዋል። ችግሩ ሁሉም ተናጋሪ ነው፤ ከራስጌ የሚቀመጥ የለም። (ፍሮይድም ቢሆን ለቅጠል እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ኮካን የሚያወድስ ጽሑፍ ጽፏል።)

የአዛውንቱን አፍ ግን ለፍሮይድ አሳልፌ አልሰጥም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለአርአያ ያቋቋሟት ከተማ የአልጋ ወራሹን ስም ይዛ አሰበ ተፈሪ ተባለች። ስም ከማለት ዓረፍተ ነገር ማለት ይቀላል፤ ግሥም ባለቤትም አለው። ጭሮ የኦሮምኛ ስሟ ነው። አዛውንቱ በልጅነታቸው የለመዱትን ጠሩ፤ በቃ። ልማድን ሁሉ የተቀበረ ምሥጢር ማድረግ የፍሮይድ አመል ነው።

እንዲህ ብዬ ፋይሉን ዘግቼ ነበር። መኪናው ቆመ፤ አዛውንቱ ወርደው፣ ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ስልክ ደወሉ። «ደርሻለሁ» አሉ። የት እንደደረሱ ተጠየቁ መሰለኝ፣ አፋቸውን ከፍተው ቆም አሉ። ረዳቱን ዞር ብለው አዩት።

«እዚሁ» አሉ፤ «እዚሁ መናኸሪያው ጋ።»